አዘና በገበያ ቀን

ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው አስፋልት ብዙዎቹን የአዊ ከተሞች ከዳርና ከዳር ይዟቸዋል። ዳንግላ፣ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ፣ ጥሊሊ ሁሉም በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው። አላፊ አግዳሚው ምሳውን ይበላባቸዋል፣ ነዳጅ ይቀዳባቸዋል፣ ከመሸበትም ያድርባቸዋል። አዘና ግን ከዚህ መስመር ገባ ብላ ነው ያለችው። ወደ አዘና የሚሄድ ሰው ጉዳዩ አዘና ነው። ከተማዋን የሚያኖራት መንገደኛው ሳይሆን የዙሪያዋ ገበሬ ነው። ላያት የፈለግሁትም ለዚሁ ነበር።

ስለ ከተማ አስተዳደር ሲወራ አዲስ አበባ ይነሳል፣ ባሕር ዳርና ሀዋሳ ይነሳሉ፤ ስለ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ስለ ከንቲባዎችና ስለ ኮሪደር ልማት ይወራል። አብዛኛው የኢትዮጵያ ከተማ ግን የሚመስለው አዘናን ነው፤ የወረዳ መቀመጫ፣ አንድ ሰፊ ገበያ፣ ጥቂት ዋና መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ ዙሪያውን እርሻ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአዊ ሕዝብ ከ982 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው 12.5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። የቀረው የሚኖረው በገጠር ነበር። ይህን ቁጥር ይዤ ስነሳ አንድ ጥያቄ አብሮኝ ተነሳ። ከመቶ ሰው ሰማንያ ሰባቱ የገጠር ነዋሪ በሆነበት አገር ከተማው የሚተዳደረው በማን ገንዘብ፣ በማን ፈቃድ ነው?

ጉዞው የተደረገው በአማራ ክልል ያለው የአሁኑ ግጭት ከመነሳቱ በፊት ነው። ያን ጊዜ ሰው በፈለገው ሰዓት ተነስቶ ከከተማ ከተማ ይሄድ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ የዚያ አገር ሰው ገበያ ወጥቶ በሰላም መመለስ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያየሁትን የምጽፈው እንደነበረ ነው።

እንጅባራ በብርዷ ተቀበለችኝ። ጥንት ኮሶበር የምትባለው ይህች ከተማ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት፤ የብሔረሰቡ ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚህ ነው፣ ዩኒቨርሲቲም አላት። ጠዋት ጠዋት ጉሙ እስኪገለጥ ድረስ መናኸሪያው ውስጥ ሰው የሚተያየው በድምፅ ነው። የአዘናው ሚኒባስ እስኪሞላ ቆመን ሳለ ረዳቱ በአማርኛ ይጣራል፣ ከተሳፋሪው ጋር በአዊኛ ይከራከራል። አጠገቤ የተቀመጡት አባት ፎጣቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ «ወረድ ስንል ይለቀናል» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከእንጅባራ ደጋ ራቅ እያልን ስንወርድ ብርዱ ለቀቀን፤ የድንችና የገብስ ማሳው አልቆ በቆሎው ጀመረ።

አዘና የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ወረዳው ከአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ተከፍሎ የወጣ ነው። ስሟ ግን ከወረዳዋም ከከተማነቷም የቆየ ነው። የአዊ አገር የሆነው አገው ምድር «ሰባት ቤት አገው» ሲባል አንዱ ቤት አዘና ነው፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ቻራ፣ ቋቋራና መተከል ሌሎቹ ናቸው። ስለዚህ «የአዘና ሰው ነኝ» የሚል ገበሬ ከከተማዋ ክልል ውጭ ቢኖርም አዘና የእሱም ናት። ይህን ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የአስተዳደሩ ነገር የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነውና።

የደረስኩት በገበያ ቀን ነበር። ከየአቅጣጫው ሰው ይገባል፤ እህል የጫነ አህያ፣ በግ የሚጎትት ልጅ፣ ዶሮ በብብቷ የያዘች ሴት፣ በቆሎ ያዘለ ወጣት። ገበያው መግቢያ ላይ ሰማያዊ ጋውን የለበሰ ወጣት ደረሰኝ ይዞ ቆሟል። ማንንም አይጮኽበትም፤ የሚያስገቡትን አየት ያደርጋል፣ ይቆርጣል፣ ይሰጣል። ከፊቴ የነበሩት እናት አንድ ኩንታል የማይሞላ እህል በአህያ ጭነው ነበር። ከመቀነታቸው ቋጠሮ ብሩን ፈትተው ሰጡ፤ ደረሰኙን ተቀብለው አራት አጥፈው ብሩ በነበረበት ቋጠሩት። ወረቀቱ ስስ ነው፤ በካርቦን የተጻፈው ሰማያዊ ቁጥር በጀርባው ይታያል።

አብሬያቸው ትንሽ ተራመድኩና፣ «እናቴ፣ ወረቀቱን ለምን ያስቀምጡታል?» አልኳቸው።

«ሁለተኛ እንዳይጠይቁኝ ነዋ።»

«ገንዘቡስ ምን ይሠራበታል?»

«ለከተማው ነው ይላሉ» አሉኝ አህያቸውን እየነዱ። «እኔ ደግሞ የከተማ ሰው አይደለሁም፣ ልጄ። እሸጣለሁ፣ እገዛለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ።»

ቂም የለባቸውም። እንደ ዝናብና እንደ ብርድ ያለ፣ ነበረና የኖረ ነገር አድርገው ነው የነገሩኝ። እኔን ግን ይህ ንግግር ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። የትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ገቢ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው የእኒያ እናት ብር ምን ያህል እንደሚመዝን ያውቃል።

ያንኑ ሰሞን፣ በሌላ የአዊ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው ቡና እየጠጣን ነገሩን ከሥሩ አስረዳኝ። የከተማ ገንዘብ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መደበኛ በጀት ነው፤ ከክልሉ በወረዳው በኩል የሚወርድ፣ ለመምህሩ፣ ለጤና ባለሙያውና ለመሳሰሉት የሚከፈል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ነው፤ ከተማው ራሱ የሚሰበስበው፣ የቦታ ኪራይ፣ የሊዝ፣ የገበያ ቀረጥ፣ የቄራ፣ የመናኸሪያ፣ የአገልግሎት ክፍያ። ቦዩ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ ቆሻሻው፣ የመንገድ መብራቱ፣ የገበያው አጥር የሚጠብቀው ይህንን ሁለተኛውን ነው። «የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ ደመወዝም ከዚሁ ነው» አለኝ። «ገቢው ካነሰ መጀመሪያ ደመወዝ ይከፈላል። ቦዩ ለከርሞ ይባላል።»

የቦታ ኪራዩና የቤት ግብሩ ደግሞ የሚሰላው ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 80 መሠረት ሆኖ ኖሯል። ብር በብዙ እጥፍ ሲረክስ ኪራዩ እዚያው ቀረ። የንብረት ታክስ አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ሲጸድቅ ይህን ለመቀየር ታስቦ ነው፤ ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ቤቱን ለክቶ፣ ገምቶ፣ መዝግቦ የሚያስከፍል ባለሙያ ከየት ይመጣል የሚለው ግን ገና መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። እስከዚያው ትንሽ ከተማ በየሳምንቱ በእጁ የሚገባው ጥሬ ገንዘብ የገበያው ቀረጥ ነው።

የሥልጣኑም ነገር እንደ ገንዘቡ ነው። የአማራ ክልል ከተሞቹን ለማደራጀት በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 43ን፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 91ን አወጣ። በዚህ አሠራር ከተሞች በደረጃ ተከፋፈሉ። ከተማ አስተዳደር የሆነው የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ ከንቲባ፣ የራሱ በጀት አለው። መሪ ማዘጋጃ ቤት፣ ንዑስ ማዘጋጃ ቤት ወይም ታዳጊ ከተማ የተባለው ግን በሥራ አስኪያጅ የሚመራና ለወረዳው ተጠሪ ነው። ከተማው ሲያድግ ደረጃው ይነሳል፤ የየከተማው ሰው ደረጃ እንዲነሳለት የሚወተውተውም ለዚህ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ክልሎች ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ይጠበቅባቸዋል። ማዘጋጃ ቤት የሚባለው ቤት ግን በዚያ ሰነድ ውስጥ ስሙ የለም፤ ከየክልሉ አዋጅ ነው የሚወለደው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሰው። የዘመናዊው የማዘጋጃ ቤት ሕግ መነሻ በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ነው። በዚያ ሕግ የከተማን ጉዳይ ለመምከር የሚታሰበው ሰው በከተማው ውስጥ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ነዋሪ ነበር። ከ30 ዓመት በኋላ ደርግ መጣና ባለቤትነቱን አፈረሰ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠሩን መሬት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 31፣ ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 47 ወጡ። የመጀመሪያው የገበሬ ማኅበርን አቋቋመ፤ ሁለተኛው የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ አገር በሁለት መዝገብ ተጻፈ። ወንድምየው ገበሬ ማኅበር፣ እህትየዋ ከተማ ቀበሌ ሆኑ። ገበያው ላይ ይገናኛሉ፤ ስብሰባቸው ግን ለየብቻ ነው። መሬቱ ለአራሹ መሆኑ ትልቅ ነገር ነበር፣ እኔም ለዚያ ለውጥ ክብር አለኝ። ይህን ክፍፍል ግን እስካሁን አልተሻገርነውም፤ ዛሬም ገበሬው በከተማው ጉዳይ እንግዳ ነው።

ይህ አካባቢ ደግሞ ሳይጠየቅ የሚጫንን ነገር ዝም ብሎ የማይቀበል አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አልቀበልም ብሎ ሲነሳ ነገሩ የብር ብዛት ብቻ አልነበረም። ገማቹ ማሳዬን ሲረግጥ ርስቴን ሊለካ ነው፣ ነገ ሊወስደው ነው የሚል ስጋት ነበረው። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ግን ግብሩ በጎጃም ተግባራዊ ሳይሆን ቀረ፣ ውዝፉም ተማረ። ከዚያ ዘመን ወዲህ አስተዳዳሪ ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነገር ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ገበሬው መክፈልን አይጠላም፤ ሳያማክሩት መለካትን ነው የሚጠላው።

የአዘናን ዳር ዳር ስዞር ይህ ነገር ተጨባጭ ሆኖ ታየኝ። የመጨረሻው ቆርቆሮ ቤት ካለቀበት ጀምሮ በቆሎ ነው፤ መሐል የሚለያቸው አንድ ጠባብ የእግር መንገድ ብቻ ነው። በጓሮው ላይ የሚኮተኩት አንድ ጎልማሳ አግኝቼ ሰላምታ ተሰጣጠን። «ይህ መሬት ከተማ ነው ወይስ ገጠር?» ብዬ ጠየቅሁት። ዶማውን ተደግፎ ሳቀና፣ «ዛሬ በቆሎ ነው፣ ነገ እንጃ» አለኝ።

እንጃ የሚለው ቃሉ ትክክለኛ ነው። ከተማ ሲሰፋ የሚሰፋው በገበሬ ማሳ ላይ ነው፤ ሌላ ባዶ ቦታ የለም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች ለ10 ዓመት የሚያገለግል መዋቅራዊ ፕላን እንዲኖራቸው ያዛል። ፕላኑ ሲሠራ የከተማው ወሰን ወጣ ይላል፣ ማሳው በወረቀት ከተማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው የመጠበቂያ ጊዜ ነው ከባዱ። ገበሬው እያረሰ ነው፣ ግን ለልጁ ጎጆ ልቀልስ ቢል ፈቃድ የለም። ባሕር ዛፍ ልትከል ወይስ ይቅርብኝ እያለ ያመነታል። የምድሩ ነገ በሌላ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

ካሳውም የራሱ ቋጠሮ አለው። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ገበሬ የሚከፈለው የአምስት ዓመቱ አማካይ ዓመታዊ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህ ተሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ተወስዶ በ15 እንዲባዛ ሆነ። ለገበሬው ይህ ተገቢ ነው፤ ቢበዛለትም አልጠላም። ግን ካሳውን የሚከፍለው ማን ነው? ከተማው ራሱ ነው። ቦታ ካልሸነሸነ የሊዝ ገቢ የለውም፤ የሊዝ ገቢ ከሌለው ካሳ መክፈል አይችልም፤ ካሳ ካልከፈለ ደግሞ ቦታ አያገኝም። ትልቁ ከተማ ከዚህ አዙሪት በብድርና በፕሮጀክት ይወጣል። በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የከተሞች የመሠረተ ልማት ፕሮግራም ከ19 ከተሞች ተነስቶ ወደ 44፣ ከዚያም ወደ 117 ደርሷል። ከ117ቱ ውጭ የቀሩት ከተሞች እጅግ ብዙ ናቸው። ትንሹ ከተማ በዚህ መሐል ሲዘገይ ሰዉ አይጠብቅም። ገበሬው በስምምነት ቆርሶ ይሸጣል፣ ገዢው ሌሊት ቤት ያቆማል። ከዓመታት በኋላ ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ማርከሻው መፍረስ ይሆናል። ያ ቤት ሲፈርስ የሚያለቅሰው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሻጩም ጎረቤቱ ነው።

ስለዚህ ወደ እኒያ እናት ልመለስ። የከተማው የሳምንት ገቢ ከእሳቸው መቀነት ይወጣል። ከተማው የሚሰፋበት መሬትም ከእሳቸው ወይም ከዘመዳቸው እጅ ይወጣል። ገበያው ጭቃ ከሆነ የሚንቦጫረቁት እሳቸው ናቸው፤ የገበያው መጸዳጃ ቤት ቢዘጋ የሚቸገሩት እሳቸው ናቸው። ሆኖም የከተማ ምክር ቤት ሲቋቋም መራጩ የከተማው ነዋሪ ነው። እሳቸው የሚመርጡት በገጠር ቀበሌያቸው ነው፤ የገጠር ቀበሌያቸው ምክር ቤት ደግሞ ስለ ገበያው ቀረጥ አይወስንም። ትንንሽ ከተሞችን ስንመለከት ደረጃቸው ይነሳ፣ ከንቲባ ይኑራቸው ብለን ብቻ ብንጮህ ይህን ክፍተት እንዳንረሳው እፈራለሁ። እንዲያውም ከተማው ከወረዳው ሲነጠል ገበሬው ስለ ከተማው የሚናገርበት በር ይበልጥ ሊጠብ ይችላል። ከተማው ለወረዳው ተጠሪ ሳለ ቢያንስ በወረዳው ምክር ቤት ውስጥ የገበሬው ተወካይ አለ።

አገው ምድር ይህን የሚያስተካክል ልምድ የለውም እንዳይባል ደግሞ አለው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። የዓድዋንና የአምስቱን ዓመት የአርበኝነት ተጋድሎ የሚያስብ ሲሆን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በፈረስ ጉግስና በሽምጥ ይከበራል። ከሩቅ ለሚያየው ፌስቲቫል ነው። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አስተዳደር ነው። አባላቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ መሪዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ መዋጮ ያዋጣሉ፣ የሞተውን ይቀብራሉ፣ የተጣላውን ያስታርቃሉ። ሸማ ነጋዴውም ገበሬውም፣ የከተማውም የገጠሩም ሰው በፈረሱ እንጂ በሰፈሩ አይለይም። ከ80 ዓመት በላይ መንግሥታት ሲቀያየሩ፣ አውራጃ ወረዳ ሲሆን፣ ወረዳ ሲከፈል ማኅበሩ ጸንቷል። ደመወዝተኛ የሌለው ተቋም ይህን ያህል ዘመን የኖረው ከፋዩ ወሳኝም ስለሆነ ይመስለኛል።

ከዚህ ተነስቼ የማስበው ነገር ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት የወረዳ በጀት በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ተደርጎ ነበር። ሰው እየቆመ ያነብ ነበር፤ ያላነበበው ያነበበውን ይጠይቅ ነበር። ይኸው ነገር ወደ ገበያው ይምጣ። በየወሩ ከገበያው ስንት ተሰበሰበ፣ ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለገበያው ሥራ ዋለ የሚለው በገበያው በር ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ በአማርኛና በአዊኛ። ማንበብ ለማይችለውም በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ ይነገር። በብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ እ.ኤ.አ. በ1989 የከተማውን የመሠረተ ልማት በጀት ነዋሪዎች በየሰፈራቸው ተሰብስበው እንዲወስኑበት ማድረግ ሲጀመር ድሃ ሰፈሮች ቀድመው ከጠየቋቸው ነገሮች መካከል ውኃና የፍሳሽ ማስወገጃ ነበሩ። ከድህነቱ ጋር የሚኖረው ሰው ምን እንደሚቀድም ያውቃል። የአዘና ገበያተኛም ያውቃል።

ሁለተኛው የወንበር ጉዳይ ነው። የክልሉ የከተሞች ሕግ ሲሻሻል በትንንሽ ከተሞች ምክር ቤት ውስጥ፣ ቢያንስ ገበያውንና የከተማውን ወሰን በሚመለከት ጉዳይ፣ በዙሪያው ላሉ የገጠር ቀበሌዎች መቀመጫ ቢሰጥ የሚፈርስ ነገር የለም። ገበሬው ማሳው ላይ ቀያሽ ከመምጣቱ በፊት ፕላኑን በወንበሩ ሆኖ ያየዋል። ካሳውን ብቻ ሳይሆን የልጁን ቦታም ይደራደርበታል። ሌሊት የሚቆመው ቤትም ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ቀን የሚያስፈቅድበት መንገድ ይኖረዋል።

ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲበተን የመልስ መኪና ፈልጌ ቆምኩ። መኪናው ሲሞላ አጠገቤ ባዶ ጆንያ ያጠፉ አንድ ገበሬ ተቀመጡ። በቆሏቸውን ሸጠው ጨውና ሳሙና ገዝተዋል። ወሬ ስንጀምር፣ «አያ፣ በገበያው ቀረጥ ላይ ይወስኑ ቢሉዎት በመጀመሪያ ምን ያሠሩበት ነበር?» አልኳቸው።

ለመልሱ አላመነቱም። «መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት፤ በተለይ ለሴቶቹ፣ ውኃ ያለው፣ ቁልፉም እዚያው ገበያ ላለ ሰው የሚሰጥ። ከዚያ ለበጎቹ ጥላ፤ ፀሐይ ላይ ከዋሉ ዋጋቸው ይወርዳል። ከዚያ ያ የታችኛው ቦይ፤ ክረምት ሲሆን እህሉ ላይ ነው የሚፈሰው» አሉኝ። ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ሚዛን ደግሞ። የመንግሥት ሚዛን፣ ማኅተም ያለው። ነጋዴው በራሱ ሚዛን ነው የሚመዝንልን።»